ግድግዳው ስንት ቀለም ይጠጣል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ጎራ የሚል ሰው ጤንነቴን ጠይቆ ሳይጨርስ የሚያነሳው አንድ ጉዳይ አለ። «እትዬ አስካለ፣ አንዲት ክፍል ላስቀባ አስቤ ነበር፤ ስንት ጋሎን ቀለም ይበቃኛል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት ጥያቄ አበዛለሁ። ግድግዳው የሲሚንቶ ልስን ነው ወይስ ጭቃ? ከዚህ በፊት ተቀብቶ ያውቃል? የተቀባው ኖራ ነው ወይስ የፕላስቲክ ቀለም? ዝናብ ይገባበታል? አንዳንዱ ይሰለቻል መሰል፣ «ኧረ ዝም ብለው በግምት ይንገሩኝ» ይላል። ዝም ብሎ በግምት መናገር ግን ትቼዋለሁ። ለምን እንደ ተውሁት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስሁት ግድግዳ በመቀባት ነው። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ወደ ውስጥም ገባ ብሎ እስከ ግራና ድረስ፣ የእኔ ብሩሽ ያልነካው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጥቂት ነው። አሁን ትከሻዬ ወደ ላይ አልዘረጋ ብሎኛል፤ መሰላሉንም ጉልበቴ ጠልቶታል። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን የሥራ ዘመኔ አያስከፋኝም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን አንድ ጊዜ ካነሳሁት ይበቃል።

የተወለድሁት ከወልድያ ወጣ ብሎ ጉባ ላፍቶ ነው። ባል አግብቼ ከተማ ገባሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ ልጃችን ገና ዳዴ ሲል እሱ ታሞ ሞተብኝ። ቤት ቁጭ ብዬ የምበላው ስላልነበረኝ እሱ ሲሠራበት የነበረው ሕንፃ ዘንድ ሄድሁ። አሠሪው አዘነልኝና ውሃ እንዳመላልስ፣ አሸዋ እንድነፋ ቀጠረኝ። ሕንፃው ሲያልቅ ሌሎቹ ሴቶች ተሰናበቱ። እኔ ቀቢዎቹ ሲመጡ ወለል እንዳጥብ ቀረሁ።

ከቀቢዎቹ መካከል አያ ሰይድ የሚባሉ የመርሳ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ከሥራ ልብሳቸው ላይ የቀለም ጠብታ የማይታይባቸው ቀቢ። አንድ ቀን ወለሉን አዩና፣

«ይህን ጠብታ ማን ነው የጠረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ሳይደርቅ እንዲጠረግ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ደርቆ ከመፋቅ ይቀለኛል ብዬ ነው።»

አዩኝና ብሩሽ ሰጡኝ። ጓደኞቻቸው ሳቁ። «ሴት ልጅ መሰላል ላይ ልትወጣ ነው?» አለ አንደኛው። አያ ሰይድ ከቀለም ቆርቆሮው ቀና ሳይሉ፣ «መሰላሉ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። «መሰላሉ ካልተቆጣ አንተን ምን አገባህ?» በማግስቱ የባለቤቴን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ መጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀቢ ሆንሁ።

ዛሬ ልጆቹ ሮለሩን ይዘው ግድግዳውን ሽቅብ ቁልቁል ሲያስኬዱት ሳይ የአያ ሰይድ አሠራር ትዝ ይለኛል። ቆርቆሮ ሲከፍቱ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ቀጥሎ የሚሠሩት ለክፍሉ የመጣውን ቀለም ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጦ ማማሰል ነው። «ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ መልካቸው አንድ አይደለም» ይሉ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ፣ ባንድ ስም የወጣ ቀለም እንኳ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለያል፤ ግድግዳው መሀል ላይ ቆርቆሮ ከቀየርህ ልዩነቱ ደርቆ ይታያል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ውሃ ረጨት አድርገው ይጠብቃሉ። ውሃው ኮለል ብሎ ከወረደ ግድግዳው ጠግቧል። እዚያው ስምጥ ብሎ ከጠፋ ጠምቶታል። ከጣሪያው ሥር ያለውን ጠርዝ ሲቀቡ ማንንም አያናግሩም፤ ትንፋሻቸውን የያዙ ይመስላሉ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈችውን ቀለም ከድነው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። «ወንበር ሲፍቀው ይነካኩበታል» ይላሉ። ብዙ ቀቢ ያችን ትራፊ ይዞ ነበር የሚሄደው።

እኔና አያ ሰይድ መሥሪያ ቤት የተቀጠርነው አንድ ላይ ነው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ሕንፃዎችን የሚጠግን ክፍል ነበር። የመጀመሪያው አለቃችን አቶ ጥላሁን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ቀቢ ሁሉ ቀለም ይሸጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስድስት ጋሎን ብለህ ብትጠይቅ ሦስት ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ሌላው ቀቢ ስድስት ሲያስፈልገው ዐሥራ ሁለት ይጠይቃል። አያ ሰይድ ግን ስድስት ሲያስፈልጋቸው ስድስት ብለው ጠይቀው፣ ሦስቱን ተቀብለው፣ ሦስቱ ሲያልቅ ብሩሻቸውን አጥበው ግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ። አቶ ጥላሁን መጥተው፣ «ለምን ቆመ?» ሲሉ፣ «ግድግዳው አልቆመም፤ ቀለሙ ነው የቆመው» ይሏቸዋል። ውሎ አድሮ አቶ ጥላሁን የእሳቸውን ጥያቄ ብቻ ሳይቆርጡ መፈረም ጀመሩ።

አያ ሰይድ ቀለሙን የሚያሰሉት በዓይናቸው ነበር። በር ላይ ቆመው ክፍሉን ዞር አድርገው ያዩና ይናገራሉ፤ አይስቱም። እንዴት እንዳወቁት ግን ለእኔ ማስረዳት አይችሉም። ያን መንገድ ያሳየችኝ ከደሴ ተመድባ የመጣች መሐንዲስ ናት። ሰላም ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን መርሳ ላይ አንዲት ክፍል ልንቀባ ስንል መጣችና፣

«አያ ሰይድ፣ ለዚች ክፍል ስንት ጋሎን ይበቃል ይላሉ?» አለቻቸው።

«ሦስት። ከሦስተኛው ትንሽ ይተርፋል።»

«እንዴት አወቁ?»

«እንዴት አላውቅ?»

ሳቀችና ሜትሯን አወጣች። አንደኛውን ጫፍ እኔ ያዝሁላት። ርዝመቱ አምስት፣ ጎኑ አራት ሜትር ሆነ። ጠመኔ ይዛ ገና ያልተቀባው ግድግዳ ላይ ጻፈችው።

«ክፍሉን ዙሪያውን ብትሄጂው ስንት ሜትር ነው፣ አስካለ?»

«አምስትና አራት ዘጠኝ፤ ሁለት ሁለት ስለሆነ ዐሥራ ስምንት።»

«ከፍታው ሦስት ሜትር ነው። ዐሥራ ስምንቱን በሦስት አባዢው።»

«ሃምሳ አራት።»

«ሃምሳ አራት ካሬ ሜትር ማለት፣ አራቱን ግድግዳ እንደ ሰሌን ገፈሽ ሜዳ ላይ ብታነጥፊው የሚይዘው ስፋት ነው። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ዐሥር ካሬ ያህል ይሄዳል። የሚቀባው ሁለት እጅ፣ ማለት ሁለት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እጥፍ አድርጊው።»

መቶ ስምንት። ለዐሥር ሲካፈል ዐሥራ አንድ ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጋሎኑ አራት ሊትር ይይዛል። ሦስት ጋሎን፤ ከሦስተኛውም ትንሽ ይተርፋል። ቀና ብዬ አያ ሰይድን አየኋቸው። ፈገግ ብለዋል።

«በሩና መስኮቱስ አይቀነስም?» አልሁ።

«ይቀነሳል» አለች ሰላም።

«መስኮቱ ትንሽ ከሆነ አትቀንሺው» አሉ አያ ሰይድ። «የመስኮቱ ጉንጭ፣ ማለት የግድግዳው ውፍረት፣ ማዕዘኑ፣ ወለል ላይ የሚንጠባጠበው መልሶ ይበላዋል።»

ሰላም አሰበችና፣ «እውነታቸውን ነው፤ ሰፊ መስኮት ሲሆን ብቻ ቀንሺ» አለች። ወደ ሌላው ክፍል ስታልፍ አያ ሰይድ ጠጋ ብለው፣ «እኔ የምደርስበት ነው የደረሰችው፤ ግን እሷ መንገዱን ታውቀዋለች። እኔ አላውቀውም። ያዢው» አሉኝ። ያዝሁት። ማታ ልጄን በቤት ሥራው ሳግዝ እንኳ በጋሎን ነበር የማስረዳው።

ውድቀቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግራና ላይ ሁለት አዲስ የመማሪያ ክፍሎች ተሠሩ። ገበሬው ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ፣ አሸዋውን በአህያ አግዞ ያሠራው ነው። ቀለሙን ብቻዬን እንድመራ ተላክሁ፤ የመጀመሪያዬ ነበር። ክፍሎቹን ለካሁ፣ ዙሪያውን በከፍታ አባዛሁ፣ ለዐሥር አካፈልሁ፣ ጠየቅሁ፣ ሳይቆረጥ ተፈቀደልኝ። ደስታዬ ለጉድ ነበር።

ሥራው በተጀመረ ቀን ግድግዳው ቀለሙን አሸዋ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ዋጠው። ልስኑ አዲስ ነው፤ አሸዋ የበዛበት ነው፤ ቀለም ቀምሶ አያውቅም። ብሩሹን ስናነሳው ግድግዳው ነጣ ብሎ ይጠብቀናል። የመጀመሪያውን እጅ ስንጨርስ ለሁለተኛው ያሰብሁት ቀለም አብዛኛው ሄዷል። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ግማሽ ላይ በርሜሉ ደረቀ። ምርቃቱ ደርሷል። ወልድያ ሰው ልከን በዚያው ስም ሌላ ቀለም አስመጣን። እርጥብ ሳለ አንድ ነበር። ሲደርቅ ግን ግድግዳው መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ነጣ ያለ፣ ግማሹ ቢጫ።

በምርቃቱ ቀን እንግዶቹ አጨብጭበው አለፉ። አንድ ሽማግሌ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ግድግዳውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ አሞታል?» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሽሙጥ አልነበረም፤ ልጆቻቸው የሚቀመጡበት ቤት ስለሆነ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

አለቃዬ መሰላል እንዳልወጣ አደረጉኝ። ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ብሩሽ ሳጥብ፣ ቆርቆሮ ስደረድር ከረምሁ። ሥራውን ለመተው ቆርጬ ነበር። አያ ሰይድ ሰሙና ከመርሳ ግራና ድረስ ወረዱ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ክፍሉ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወጥተው ደግሞ ያልተቀባውን የጓሮ ልስን በእፍኛቸው ውሃ ረጩት። ውሃው ጠፋ።

«ይህን አድርገሽ ነበር?» አሉ።

«አላደረግሁም። ስፋቱን ነው ያሰላሁት።»

«ስፋቱን አልሳትሽም። ጥማቱን ነው ያልጠየቅሽው። ለጠማው ግድግዳ ሊትሩ ዐሥር አይሄድም፤ አምስትም ከሄደ አልሐምዱሊላህ በይ። መጀመሪያ ቀለሙን አቅጥነሽ አጠጪው፤ ሲጠግብ ያኔ ቀቢው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አብሽሪ። ነይ፣ ሻይ እንጠጣ» አሉ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም። ግድግዳው እንደዚያው ኖረ። የክፍሉ አስተማሪ «ቢጫው ጋ ያላችሁ አንብቡ፣ ነጩ ጋ ያላችሁ አዳምጡ» እያለ ልጆቹን ይከፍልበት እንደ ጀመረ ስሰማ መጀመሪያ ከፋኝ፤ ኋላ ግን ሳቅሁ።

ወደ መሰላሌ ከተመለስሁ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ሲሪንቃ ላይ የሠራተኛ ቤቶች ቀባሁ፤ አቧራው ከመንገዱ እየተነሳ እርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያርፍ የዝናብ ማግስትን ነበር የምንመርጠው። ውርጌሳ ፀሐዩ ቀለሙን ብሩሹ ላይ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን፣ ሁልጊዜ ጥላውን እየተከተልን ነበር የምንቀባው። ሰላም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። አያ ሰይድ ጡረታ ወጡና መርሳ ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ልጄም አድጎ ኮምቦልቻ ሥራ ያዘ። እኔም ጡረታዬ ተቃርቦ ነበር፤ ያኔ ነው ጦርነቱ የመጣው።

ክረምት ነበር። ከቆቦ በኩል የሚፈልሰው ሰው ወልድያን ሞላው፤ ቀጥሎ ወልድያ ራሷ ተነሳች። መኪና ስለማይገኝ ከሰው ጋር በእግሬ ወረድሁ። ሲሪንቃ ስደርስ እግሬ አብጦ ነበር። ወደ ደሴ ልቀጥል አልቻልሁም፤ መርሳ አያ ሰይድ ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። በሩን ሳንኳኳ በድምፄ አወቁኝ።

«አሰላሙ አለይኩም አያ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ግቢ ልጄ። ቤቱ የአላህ ነው።»

ጦርነቱ እኔን ተከትሎ መርሳም ገባ። ወራቱን እዚያው አሳለፍን። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ወፍጮ ቆሟል። እህል በድንጋይ እየፈጨን፣ ከጎረቤት ጋር እየተካፈልን ኖርን። ተኩሱ ሲበረታ አያ ሰይድ ጥጉ ላይ ያስቀምጡኝና እሳቸው መሀል ይቀመጣሉ። «እኔ አላይ፤ የማያይ ሰው አይደነግጥም» ይላሉ። ይደነግጡ ነበር።

በጋው ሲገባ ጦርነቱ ከአካባቢያችን ወጣ። ሰው ከየተደበቀበት ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ሲስተር ሐዋ መጣች። ሐዋ እዚያው፣ መርሳ ባለችበት ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ናት፤ የጣቢያዋን ስም ልተወው። ያን ሁሉ ጊዜ መቀሷንና ጓንቷን በነጠላ ጠቅልላ ከቤት ቤት እየዞረች ስታዋልድ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ቀቢ ነዎት አሉኝ። አንድ ነገር ያዩልኛል?» አለችኝ።

ሄድሁ። የማዋለጃው ክፍል ውስጥ እሳት ሲነድ ከርሟል። ማን እንዳነደደው አልጠየቅሁም። ጥቀርሻው ከወለሉ እስከ ጣሪያው ወጥቷል፤ በከሰል የተጻፈ ነገርም አለ፤ ማንበብ አልፈለግሁም። አልጋው ግን ተርፏል።

«ከትናንት በስቲያ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች» አለች ሐዋ። «በሩ ላይ ደርሳ ግድግዳውን ስታይ አልገባም አለች። ለመንኋት። እዚህ ውስጥ አልወልድም አለች። ውጭ ግራሩ ሥር ወለደች። ደም ፈሰሳትና ለትንሽ ተረፈች። አልጋ አለኝ፣ መቀስ አለኝ፣ ውሃ አለኝ። ሰው የሚገባበት ክፍል ነው ያጣሁት።»

ቀለም የት ይገኛል? ሱቁ ተዘርፏል፤ መንገዱ ገና አልተከፈተም። አያ ሰይድ ሲሰሙ፣ «ሰው ቤት ትራፊ አይጠፋም፤ ጠይቁ» አሉ። ወሬው በየመንደሩ ተነገረ። የመስጊዱ ሰዎች በራቸውን ቀብተው የተረፋቸውን አረንጓዴ አመጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ የመስኮት ሰማያዊ መጣ። አንዲት ምግብ ቤት የነበራት ሴት ሮዝ ቀለም ከአመድ ሥር ቆፍራ አወጣች። ክሬም መጣ፤ ነጭ መጣ። አንዱ ሰው ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ያጠፋውን ኖራ በባልዲ ሰጠን።

አያ ሰይድን ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፈትሁ። እየሸተቱ ለዩልኝ። አረንጓዴውና ሰማያዊው የዘይት ቀለም ነው፤ ሮዙ፣ ክሬሙና ነጩ በውሃ የሚቀጥን። ሁለቱ አይጋቡም። የዘይቱን ለብቻ፣ የውሃውን ለብቻ ገለበጥን፤ ሦስት ሊትር ያህል የዘይት፣ አምስት ሊትር ያህል የውሃ ሆነ።

ክፍሉን በገመድ ለካሁት። ዙሪያው ዐሥራ ስምንት ሜትር፣ ከፍታው ሦስት ሜትር ነው።

«ለሁለት ክፈይው» አሉ አያ ሰይድ። «እስከ ደረት የዘይት ይሁን፤ ደም ቢነካው ይታጠባል። ከዚያ በላይ የውሃው ይሁን።»

ዐሥራ ስምንት ሲባዛ በአንድ ተኩል ሃያ ሰባት። የታቹ ሃያ ሰባት ካሬ፣ የላዩም ሃያ ሰባት ካሬ። የዘይቱ አንድ እጅ ብቻ ይበቃል። የላዩ ሁለት እጅ አምስት ሊትር ተኩል ግድም ይፈልጋል፤ ያለው አምስት ነው። ግድግዳው ከጠማው ደግሞ ያም አይደርስም።

«አይደርስም፣ አያ።»

«ኖራው ቀድሞ ያጥግበው። የተረፈውን አላህ ያውቃል።»

ጥቀርሻ ሳይታጠብ ቀለም ቢቀቡበት እንደ ዝገት እየገፋ ይወጣል። ሳሙና ደግሞ የለም። የመንደሩ ሴቶች እንዶድ ሰብስበው ወቅጠው መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም። ከጣሪያው ጀምረን ወደ ታች አጠብነው። ጥቁሩ ውሃ በበሩ እየወጣ ግቢውን ሞላው። አንዲት ወጣት በከሰል የተጻፈውን ስትፈገፍግ እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን አላቆመም። ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ላዩን እንዲይዝ ጨው የገባበት ኖራ ሁለት ጊዜ ቀባነው። ጥማቱ ያኔ ወጣለት።

የዘይቱ ሲማሰል የጥልቅ ውሃ መልክ ያለው አረንጓዴ ሰማያዊ ሆነ። የላዩ ደግሞ የበሰለ ኮክ ጉንጭ መሰለ። እንዲህ ያለ ቀለም በሱቅ አይገኝም። አያ ሰይድ፣ «ምን ሆነ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። መልሰው፣ «የበሰለው ኮክ ነው፣ ያልበሰለው?» ይሉኛል።

የዘይቱ አልቆ፣ የላዩም የመጀመሪያ እጅ ደርቆ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ሁለተኛውን እጅ አገኙ። ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው አራተኛው ብቻ ቀረ። ለእሱ የምትበቃ ቀለም በባልዲ ተርፋለች። ደስ ብሎኛል። መሰላሉን ተከልሁ፤ ብሩሼን ነከርሁ። ያኔ ከግራና በኩል ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ግቢው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጅ እግር ሴት ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ምጡ ሁለት ቀን ሳይቆይባት አልቀረም።

ሐዋ ደርሳ አየቻትና፣ «እትዬ አስካለ፣ መሰላሉን ያውጡልኝ» አለች።

አወጣሁ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትሁ፤ ሽታው ገና አልወጣም ነበር። ልጅቱን ሲያስገቧት በሩ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ግድግዳውን አየች፤ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይህ ቤት አዲስ ነው?» አለች።

«አዲስ ነው» አለች ሐዋ። «አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።»

ገባች።

እኛ ግቢው ውስጥ ቀረን። ተሸካሚዎቹ ግራሩ ሥር ተዘረጉ። አያ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ። ልጅቱ ስትጮህ አያ ሰይድ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ፀሐዩ ዞሮ ግቢው ጥላ ሲሆን የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ቀጭን ነበር፤ ከዚያ በረታ። ሐዋ በሩ ላይ ወጥታ ተደገፈች። «ሴት ናት። እናቷም ደኅና ናት» አለች። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባልየው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እየዞረ የሁላችንንም እጅ ሳመ፤ የእኔን እጅ ሲስም አፉ አካባቢ ቀለም ቀረበት፤ ማንም አልነገረውም።

እናትየው ሳትነሳ ሌላ ሴት መጣች። ከእሷ በኋላም ሌላ። ባልዲው ውስጥ ያለችው ቀለም ላይዋ ቆዳ ያዘ፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌባት ነበር፤ አልጠቀማትም። ወልድያ ስመለስ ቤቴ በሩ ተሰብሮ፣ ዕቃው ተወስዶ፣ ጣሪያው ግን ቆሞ አገኘሁት። ልጄም በሕይወት እንዳለ መልእክት መጣልኝ። መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት ተመልሼ ገባሁና እስከ ጡረታዬ የተበላሸውን ስንጠግን ቆየን። ወደ ውርጌሳ በሄድሁ ቁጥር ጤና ጣቢያዋ ዘንድ ጎራ እላለሁ፤ ትንሽ ቀለምም ይዣለሁ። ሐዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ዛሬም ሰው አለ» ትለኛለች። አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አላገኘሁትም።

ዘንድሮ አያ ሰይድ ደሴ ሄደው የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። እንደ ተመለሱ ክፍሉን አሳዪኝ አሉኝና ሄድን። ሐዋ አልጋው ላይ የተኛችውን አራስ አስፈቅዳ አስገባችን። አያ ሰይድ መሀል ቆመው ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩት። ኮኩን አዩት፤ አረንጓዴውን አዩት። ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህኛው ሁለተኛ እጅ አላገኘም» አሉ።

«አላገኘም፣ አያ። ክፍሉ ባዶ አልሆን ብሎኝ ነው።»

ወደ አራሷ ዞሩ። ሕፃኑ ጡት ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል።

«እንግዲያስ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላህ ባዶ አያድርገው።»